ዳልቻ የገባበት የዛጎል ቤት

ዘመኑ ሰማንያ አራት ዓመተ ምሕረት ነው፤ እኔ ያኔ የሃያ ስምንት ዓመት ጎበዝ ነበርኩ። ደርግ ከወደቀ ገና ዓመት አልሞላም። ይህን ዘመን አሁን ያስታወሰኝ ሌላ ነገር አይደለም። ባለፈው ሳምንት ሁለት ወጣቶች ከከተማ መጥተው፣ አንዱ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሌላው አጥሬን ተደግፎ፣ «አባባ ግዛው፣ የዛጎሉን ዋሻ ያፈረሱት እርስዎ ነዎት ይባላል፤ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ዋሻ አልነበረም» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ!»

ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ከሰማንያ አራት ወዲህ ስለዚህ ነገር ያልጠየቀኝ ሰው የለም። ማን ሠራው፣ መቼ ተሠራ፣ ለምን አፈረስከው። ስለ በሬው የጠየቀኝ ግን እስከ ዛሬ አንድም ሰው የለም። አፌ ስለደከመ ይኸው ጻፍኩት። ፊደሉን በመሠረተ ትምህርት የለቀምኩት ነው፤ ግድፈት ያገኘ ሰው አርሞ ያንብብ።

ያን ጊዜ አንድ በሬ ብቻ ነበረኝ፤ ቡሬ እለው ነበር። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ከእኔ ማሳ በታች የሚኖሩት ጋሽ ወልደየስም አንድ በሬ ብቻ ነበራቸው፤ ስሙ ዳልቻ፣ እንደ ስሙ አመድማ፣ አንገቱ የወፈረ፣ ረጋ ያለ በሬ። እንደ አገራችን ልማድ መቀናጆ ገባን፤ ሁለቱን በሬዎች አጣምረን አንድ ቀን የእኔን ማሳ፣ አንድ ቀን የእሳቸውን እናርሳለን። የመቀናጆ ሕግ አጭር ነው፤ በሬው በተራህ ቀን ቢሰበር ወይም ቢሞት ተጠያቂው አንተ ነህ። ዳልቻ በእኔ ተራ ከሞተ ጋሽ ወልደየስ ቡሬን ነድተው ይሄዳሉ። እኔ ከሞፈርና ከቀንበር ጋር ተፋጥጬ እቀራለሁ።

የመንዝን በልግ የሚያውቅ ያውቀዋል። እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ እመጣለሁ ብሎ ይቀራል፣ ቀርቷል ስትል ደግሞ ከተፍ ይላል። የዚያን ዓመት የካቲት መጨረሻ ላይ ከተፍ አለ። ምድሩ ራሰ፣ አፈሩ ሸተተ። እርጥበቱ ሳይሸሽ ገብሱን መዝራት ነበረብን፤ ካመለጠ እስከ ክረምት የሚቀመስ የለም።

ሐሙስ ተራው የእኔ ነበር። ጾም ገብቷል፤ ከቤት ስወጣ በለጥሽ፣ ባለቤቴ፣ የገብስ ቂጣና ስልጆ ቋጥራልኛለች፤ ከሰዓት በኋላ ትልሙ ዳር ተቀምጬ ልበላው አስቤ ነበር። የማሳዬ ታችኛው ጫፍ ሲረገጥ እንደ ከበሮ ድም ድም ይላል። አባቴ በሕይወት ሳለ «እዚያ ጥግ በሬ አታቁም» ይለኝ ነበር። «ለምን?» ስለው «አባቴ እንደዚያ ብሎኛላ!» ይላል። ያለ ምክንያት ማሳ አይተውም፤ እኔም ሁልጊዜ አርሰው ነበር፤ ገብሱም እዚያ ጥግ ነበር የሚያምረው።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ማረሻው አንድ ነገር ነካ። ዳልቻ የኋላ እግሩ ሰመጠ። ከዚያ ምድር ተከፈተች። የቀንበሩ ማነቂያ ተሰብሮ ቡሬ እላይ ቀረ፤ ዳልቻ ከነአፈሩ ወደ ታች ሄደ። እኔ እርፉን እንደጨበጥኩ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከታች እምቧ አለ። ስለጮኸ ደስ አለኝ፤ የሞተ በሬ አይጮህም።

በመጫኛ ገመድ ወረድኩ። አንድ ሰው ቆሞ ሌላው ትከሻው ላይ ቢወጣ ነው ከአፉ የሚደርሰው። ዳልቻ ከላይ በወረደው አፈር ላይ ስለወደቀ እግሩ አልተሰበረም፤ ተነሥቶ ቆሟል። እጄን ወደ ግድግዳው ብሰድ ሻካራ ነገር ነካሁ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ አየሁት፤ እንደ ጎተራ ክብ የሆነ ቤት ነው፤ ከወለል እስከ ጣራ በዛጎል ተለብጧል። አንዱ ዛጎል ካንዱ ሳይራራቅ፣ እዚህ እንደ ፀሐይ ዙሪያውን ተረጭቶ፣ እዚያ እንደ ሴት ሹሩባ ተጎንጉኖ፣ ጥርሱን እያሳየ ያየኛል። መቃብር የለበትም፣ መስቀል የለበትም፣ አንዲት ፊደል የለችበትም። በአንድ በኩል በር የመሰለ ነገር ነበር፤ እሱም በድንጋይ ተደፍኗል። እኔ አፌን ከፍቼ ስቆም ዳልቻ ምላሱን አውጥቶ ግድግዳውን ይልሳል። እኔም በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። ጨው ጨው ይላል።

ወጥቼ ጎረቤት ጠራሁ። ዶማና አካፋ ይዘው መጡ፤ በአንድ ጎን አፈሩን ዘቅዘቅ አድርገን ከቆፈርን በሬው በእግሩ ይወጣል። ጥቂት እንደቆፈርን አንዱ አጎንብሶ ወደ ውስጥ አየና ዶማውን ወረወረ።

«ዛጎል! ይኼ የጠንቋይ ቤት ነው!»

«ዛጎል የሚጥል እንጂ ዛጎል የሚለጥፍ ጠንቋይ የት አይተህ ታውቃለህ?» አልኩት። ማን ይስማኝ። ዶማው ሁሉ መሬት ላይ ተዘረረ።

የደብራችን ቄስ ኃይሌ መጡ። እሳቸው ደግሞ ጎንበስ ብለው አይተው አማተቡ። «በግራኝ ጊዜ አባቶቻችን ታቦት የሸሸጉበት ይሆናል። ጫማችሁን አውልቁ።»

ሰዉ ሁሉ ጫማውን አወለቀ። «አባቴ፣ በሬውስ ምን ያውልቅ?» አልኳቸው። በመስቀላቸው ሊመቱኝ ምንም አልቀራቸው።

በመጨረሻ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ተክሌ መጣ። ተክሌ አብሮ አደጌ ነው፤ በግ አብረን ጠብቀናል፤ ሊቀመንበር ከሆነ ጀምሮ ግን ሲያስነጥስም ለሕዝብ ነው። «ይህ የሕዝብ ቅርስ ነው» አለ። «ከወረዳ ሰው መጥቶ ሳያየው አንዲት ዛጎል እንዳትነሣ!»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ በሬውስ?»

«ጓድ ቀርቷል!»

«እሺ፣ ጓድ የቀረለት ሊቀመንበር፣ በሬውስ?»

«ባለበት ይቆይ።»

ይህ ሁሉ ሲሆን ጋሽ ወልደየስ ዝተታቸውን ተከናንበው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠዋል። አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ ነበር። ወደ ታች «አይዞህ ልጄ» ይላሉ፤ ከዚያ ቀና ብለው እኔን ያዩና «ተራው ያንተ ነበር፣ ግዛው» ይላሉ።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«እንዳትረሳው ብዬ ነው።»

አሁን የሚመጣውን የሚገባው የእኛ አገር ሰው ብቻ ነው። በማግስቱ ዓርብ ሃያ ሰባት ነው፤ መድኃኔዓለም፣ አፈር አይነካም። ቅዳሜ አማኑኤል፣ ደግሞም ሰንበት። እሑድ በዓለ ወልድ፣ ደግሞም ሰንበት። በሬው ቀን መርጦ ነው የወደቀው! ተክሌ ወደ ከተማ የላከው ሰው ተመልሶ «የሚመለከተው ሰው ስብሰባ ሄዷል» አለ። መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ከላይ ፀሐዩ ይበረታል፤ እርጥበቱ በየቀኑ ሲሸሽ በዓይኔ አየዋለሁ።

እኔና በለጥሽ ድርቆሽ በገመድ እያወረድን፣ ውኃ በጀሪካን እያወረድን ከረምን። «እኔስ ያገባሁት ገበሬ መስሎኝ ነበር፤ የበሬ እስር ቤት ጠባቂ ኖሯል!» አለችኝ በለጥሽ።

ወሬው እስከ ቀየት ከተማ ደረሰ። ቅዳሜ ሰዉ እንደ ገበያ ይጎርፍ ጀመር። ያላረስኩትን ማሳ ረግጦ ረግጦ አደነደነው። አንዱ አፈር ዘግኖ ለእምነት ይወስዳል፣ አንዱ ተንበርክኮ ይሳለማል፣ አንዱ «ወርቅ አለው ወይ?» ብሎ በጆሮዬ ይጠይቀኛል። አንዲት ሴትዮ ከቀየት ጠርሙስ ይዛ መጥታ፣ ከታች ያቆረውን ውኃ እንድቀዳላት ለመነችኝ።

«እትዬ፣ ይኼ ጠበል አይደለም» አልኳት። «የዳልቻ ነው።»

«ዳልቻ የሚባል ቅዱስ አለ እንዴ?»

«በሬ ነው እኮ! ቆሞ የሸናው ነው!»

«አንተ ምን ቸገረህ፤ ዝም ብለህ ቅዳልኝ» አለችኝ። ቀዳሁላት። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰማዩ በጓሣ በኩል ጠቆረ። ስለምነው የሰነበትኩት ዝናብ ሲመጣ አይቼ እንደዚያን ቀን ደንግጬ አላውቅም። ማሳዬ ተዳፋት ነው፤ ውኃው ሁሉ ወደ ታችኛው ጥግ ነው የሚወርደው። ወዲያው በረዶ የተቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ጎርፉ በትልሜ እየተመራ ቀጥ ብሎ ወደ ጉድጓዱ ገባ። ዳልቻ በዚያን ሁሉ ቀን ዝም ብሎ ኖሮ አሁን መጮህ ጀመረ። ውኃው ጉልበቱን አለፈ። ጋሽ ወልደየስ ብድግ አሉ፤ ስለ ተራ አላነሡም። ዝተታቸውን ጥለው ጎርፉን በእጃቸው ሊገድቡ ይሞክራሉ። ያን ሳይ የራሴን ቡሬ ረሳሁት።

ዶማዬን አነሣሁ። ተክሌ ፊቴ ቆመ። «ትታሰራለህ፣ ግዛው!»

«እሰረኝ። በሬውን ካወጣሁ በኋላ ግን።»

ቄስ ኃይሌ በጃንጥላቸው ሥር ቆመዋል። ወደ እሳቸው ዞርኩ። «አባቴ፣ ጌታ በሰንበት ጉድጓድ ስለገባ በሬ ምን ነበር ያለው? ከእርስዎ አፍ ነው የሰማሁት። ወይስ ለሌላ አገር በሬ ነው የተነገረው?»

ጎንበስ ብለው ወደ ታች አዩ። ውኃው ይንደቀደቃል። ከዚያ ጃንጥላቸውን አጥፈው ለበለጥሽ ሰጧት፤ ቀሚሳቸውን በመታጠቂያቸው ሸጎጡና ከመሬት ዶማ አነሡ። «ይውጣ» አሉ። «ታቦት ካለ እኔ እጠየቃለሁ።»

ቄስ ሲቆፍር አይቶ የሚቆም ማን አለ? ሦስት ቀን እጁን አጣጥፎ የቆመ ሕዝብ እንደ አንበጣ ሰፈረበት። የሐሙሱን ቁፋሮ ቀጥለን ወደ ግድግዳው ደረስን። የመጀመሪያውን ዶማ ግድግዳው ላይ ያሳረፍኩት እኔ ነኝ። ዛጎሉ ከተቀደደ ጆንያ እንደሚፈስ እህል ተንሿሿ። ጋሽ ወልደየስ ጭቃው ውስጥ ገብተው ቀንዱን ያዙ፣ እኛ በገመድ ሳብን። ተክሌ እንኳ፣ «ይህን በጽሑፍ አስተላልፋለሁ!» እያለ፣ ከኋላ በትከሻው ይገፋ ነበር።

ዳልቻ ወጣ። ሆዱም ጎኑም ጭቃ፣ ጭቃው ላይ ዛጎል ተለጣጥፎበት፣ እንደ ጥንት መኳንንት በቅሎ አጊጦ ወጣ። ሰዉ እልል አለ። ከሰውነቱ ላይ ዛጎል እየለቀመ በነጠላው ጫፍ ቋጠረ፤ ጠንቋይ ቤት ነው ያለውም፣ ታቦት አለበት ያለውም እኩል ለቀመ። ከኋላችን ጣራው ድም ብሎ ወረደ። ውኃውና አፈሩ ሞላው። በቃ፤ ይኸው ነው። አፈረሰ የሚሉኝ ይህን ነው።

ለወጣቶቹ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። «ምን ዓይነት ቅርስ ጠፋ!» አለ ባለ ካሜራው፣ ራሱን እየነቀነቀ። በሬው ስንት ዓመት ኖረ ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም።

አላስበውም ማለቴ ግን አይደለም። ያን ቤት የሠራውን ሰው ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ፤ ባሰብኩት ቁጥርም ያናድደኛል። ባሕር የት፣ መንዝ የት! ያን ሁሉ ዛጎል በምን ጭኖ፣ ስንት ገደል ወጥቶ አመጣው? አምጥቶስ ብርሃን በማይገባበት ጉድጓድ፣ ማንም በማያየው ግድግዳ ላይ፣ አንድ በአንድ መለጠፍ ምን የሚሉት ሥራ ነው? ለእግዚአብሔር ነው እንዳልል መስቀል አላደረገበትም። ለሰው ነው እንዳልል በሩን ደፍኖታል። ስሙን እንኳ ጫር ቢያደርግ እኔ ዕድሜ ልኬን ባልተጠየቅኩለት ነበር። ደረቅ ሰው መሆን አለበት። በለጥሽ ይህን ስላት፣ «ዘመድህ ይሆናል» ትለኛለች። ይሆናል። ባሕር ጨው ነው ይላሉ፤ እኔ አላየሁትም። ከሰፈራችን የባሕርን ጣዕም ጠግቦ የሚያውቅ ዳልቻ ብቻ ነበር።

በማግስቱ፣ ሰኞ፣ ገና ሳይነጋጋ ተነሣሁ። ሐሙስ የእኔ ተራ ስለነበር ሰኞ የጋሽ ወልደየስ ነው። ሕግ ሕግ ነው ብዬ ቡሬን እየነዳሁ ወደ እሳቸው ማሳ ወረድኩ። መንገድ ላይ ዳልቻን እየነዱ ወደ ላይ ሲመጡ ተገናኘን።

«ወዴት ነው?» አሉኝ።

«ወደ እርስዎ። ተራው የእርስዎ ነው።»

«ያንተ ነው።»

«ጋሼ፣ የእኔ ሐሙስ ነበር!»

«ሐሙስ መች አለቀ?» አሉና ቀንበሩን ከትከሻዬ ወሰዱት።

ምድሩ እንደ ቅቤ ለስልሶ ነበር። ታችኛው ጥግ ስንደርስ ዳልቻ ምላሱን አውጥቶ ወደ ተደፈነው ጉድጓድ ጎተተኝ። «ኧረ በስመ አብ በል!» ብዬ በጅራፉ እንጨት ጎኑን ነካ አደረግኩትና ጉድጓዱን ዙሬ አለፍኩ። ሰኞ ጠዋት፣ የሐሙስን እርሻ ጨረስኩ።