መንግሥት ክርስትና አያነሳም

ፊደል የቆጠርኩት ከመኪና በር ላይ ነው። ቄስ ዘንድ የሚሄዱት ወንድሞቼ ነበሩ፤ እኔ ውኃ ቀጂ፣ እንጨት ለቃሚ ሆኜ አደግሁ። ባለቤቴ የሚነዳት ጣሊያን ሠራሽ የጭነት መኪና ግን በግራ በሯ ላይ የባለንብረቱ ስም፣ ከስሙ ሥር ደግሞ መጫን የምትችለው ልክ በነጭ ቀለም ተጽፎባት ነበር። ሕግ ነው ይሉ ነበር፤ ስም የሌላት መኪና ኬላ አታልፍም። ጎማ ፈንድቶ መንገድ ዳር ስንቀመጥ፣ ወይ ዲዴሳ ድልድይ አጠገብ ሞተሩ እስኪበርድ ስንጠብቅ፣ ጣቴን በፊደሉ ላይ እያስኬድኩ «ይሄ ማነው?» እለዋለሁ። እሱ መኪናው ሥር ተጋድሞ፣ እግሩ ብቻ እየታየኝ ይመልስልኛል። አስተማሪዬ ሁለት እግር ነበር ብል አልዋሸሁም።

እንደ ሌሎቹ ሴቶች ቤት የምቀመጥ አልነበርኩም። ልጆቹን ለእናቴ እየተውኩ አብሬው እሄድ ነበር፤ ጊምቢ፣ ነጆ፣ አንዳንዴም እስከ ደምቢ ዶሎ። ወላጆቼ ከሸዋ የመጡ ናቸው፣ እሱ ኑኑ ቁምባ የተወለደ ኦሮሞ ነው። ሲናደድ በኦሮምኛ ይናደዳል፣ እኔ ሲከፋኝ በአማርኛ ይከፋኛል፤ እርቁን በሁለቱም ነው የምናወርደው። በክረምት ጎማው ላይ ሰንሰለት አስረን፣ ጭቃው ሲውጠን ከኋላ የመጣው መኪና እየጎተተን፣ ያ ሲቀር ደግሞ ያገሬው ሰው በሬውን ፈትቶ እየመጣ ነው የምንወጣው። ነጆ መዳረሻ ላይ አንዲት ሴት፣ መኪናችን ደጃፏ ላይ ጭቃ በያዛት ቁጥር እርጎ በቅል ይዛ ትወጣ ነበር። የማን ሚስት እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም። እግዜር ይስጣት።

የመኪናዋ ባለቤት የነቀምቴ ቡና ነጋዴ ነበሩ። ባለቤቴን ከረዳትነት አውጥተው መሪ ያስጨበጡት እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድ ደግሞ ክርስትና አነሡልን፤ ከዚያ ወዲያ አሠሪና ሠራተኛ መባባል ቀረና አበልጅ ሆንን። በበዓል እነሱ እኛ ዘንድ፣ እኛ እነሱ ዘንድ ነን። ስለዚህ ባለቤቴ በዚያ ሁሉ ዘመን አንዲት የቅጥር ወረቀት አልጠየቃቸውም። አበልጁን «ፈርምልኝ» የሚል ሰው «አላምንህም» እንዳለ ነው የሚቆጠረው። እሳቸውም አልጻፉለት፤ መጻፉ እሱን ማሳነስ ይመስላቸው ነበር።

አሁን ወደ ኬላው ልመልሳችሁ። ነቀምቴ መግቢያ ላይ አንድ ረጅም የትራፊክ ፖሊስ ነበር። ያገራችን ሰው ነው፣ ኦሮሞ፤ ጭቃው እስከ ጉልበት በደረሰበት ወር እንኳን ጫማው የሚያበራ። ሹፌሮቹ ሲያዩት ሲጋራቸውን ያጠፋሉ። ጎማውን በዱላው መታ መታ ያደርግና፣ የጭነቱን ከፍታ ሽቅብ አየት አድርጎ «ትርፍ ነው» ይላል። ተሳስቶ አያውቅም። ነጋዴው ደግሞ ገበሬ «ይቺን አንድ ጆንያዬንም» ብሎ ሲለምናቸው እምቢ ማለት አይችሉም ነበርና፣ መኪናችን ሁልጊዜ ትርፍ ነበረች።

የክሱ ወረቀት ይወጣል። «መኪናው የማነው? አንተ ተቀጣሪ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። በጊዜው ሹፌሩ ተቀጣሪ ከሆነ ለትርፍ ጭነት ባለንብረቱም ይጠራል፤ ጣቢያ ሄዶ ይቆማል፣ ቃሉን ይሰጣል። ባለቤቴ ታዲያ ምን ይላል?

«ተቀጣሪ አይደለሁም ጌታዬ። የቤተ ዘመድ መኪና ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሰውየው ቀና ብሎ ያየዋል፣ ይጽፋል፣ ቀድዶ ይሰጠዋል። እኔ ጋቢናው ውስጥ ሆኜ በንዴት እንፈቀፈቃለሁ፤ ኬላውን እንዳለፍን እጀምረዋለሁ።

«እንዴት ሆነህ ነው ዘመዳቸው የሆንከው?»

«አበልጄን በፖሊስ ላስጠራልሽ?»

«ስምህ እኮ አለቀ፣ ክስ ላይ ብቻ ሆነ።»

«እንዲያውም በየመዝገቡ ታወቅሁ» ብሎ ይስቅብኛል።

ኋላ ነጋዴው ታመው ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ባለቤቴ እንደ ልጅ አለቀሰላቸው። ሐዘኑ ሳይወጣ ወንድማቸው ንብረቱን ተረከቡና መኪናዎቹን ሸጡ። የገዛው ሰው የራሱን ሹፌር ይዞ መጣ፤ በበሩ ላይ የነበረውን ስም በጥቁር ቀለም ደፈነው። ያቺን በር ሳያት የገዛ ደብተሬን የቀደዱብኝ መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን የመንግሥት የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ለከባድ መኪና ሹፌር ይፈልጋል ተባለ። ባለቤቴ ካኪውን አጥቤለት ሄደ። ፈታኙ ዳገቱን አስወጣው፣ ወደ ኋላ አስነዳው፣ ወደደው። «መልቀቂያህን አምጣ» አለው። የት ሠርተህ፣ በምን ጠባይ፣ እንዴት እንደለቀቅህ የሚናገር፣ ካሠሪህ የተጻፈ ወረቀት። ያለዚያ እንደ አዲስ ሰው ነው የምትቆጠረው፣ በረዳትነት ትጀምራለህ አለው። ረዳት ማለት ጎማ ሥር ታኮ የሚያስገባ፣ ጭነት ላይ የሚያድር ነው። ባለቤቴ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ማለት ጀምሮ ነበር፤ ለዚያ ሥራ ጉልበቱም ዕድሜውም አልፏል። ለቀጣሪዎቹም በየቀኑ ሌላ ሰው ይመጣላቸዋል፣ ቦታው አይቆይለትም።

ወደ ሟቹ ወንድም መጋዘን ሄድን። በአክብሮት ተቀበሉን፣ ወንበር አቀረቡልን።

«አውቅሃለሁ» አሉት። «ወንድሜም ይወድህ ነበር። ግን በደሞዝተኞቹ ዝርዝር ስምህ የለም። ኬላ ላይም ተቀጣሪ አይደለሁም ስትል እንደኖርክ ሰምቻለሁ። ዛሬ እኔ ‹ሠራተኛችን ነበር› ብዬ ብፈርም፣ ያ ሁሉ የትርፍ ጭነት ክስ ተነሥቶ እኔ ላይ ይመጣል። ልጆች አሉኝ ወንድሜ።»

ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈርተው ነው። እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን እፈራ ነበር።

ከመጋዘኑ ወጣን። ወደ ቤት መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ባለቤቴ አልታጠፈም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ኬላው አቀና። ከቦዩ ዳር ጎንበስ አለና እርጥብ ሳር ነጨ። በኦሮሞ ወግ የበደለ ሰው ይቅርታ ሊጠይቅ ሲሄድ እርጥብ ሳር ይዞ ነው። ሳር የያዘን ሰው አይቆጡትም፣ ሳይሰሙትም አይመልሱትም።

«ለፖሊስ?» አልኩት። «ምነው፣ በሬ መሰለህ?»

«ብር ይዤ ልሂድ?»

«እሱማ ያስርሃል።»

«እንግዲያው ሳሩ ይሻላል።»

ሰውየው ኬላው ላይ ቆሟል። ገና ከሩቅ ሲያየን ፈገግ አለ። «ዛሬ በእግርህ ነው? የቤተ ዘመዱ መኪና የት ሄደች?»

ባለቤቴ ቆቡን አውልቆ፣ ሳሩን በሁለት እጁ ዘረጋለት። «ጌታዬ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ተቀጣሪ ነበርኩ።»

«መቼ ነው የዋሸኸኝ?»

«ባስቆሙኝ ቁጥር።»

ሰውየው ፊሽካውን ወደ አፉ ወሰደ፤ ሳቁን ለመደበቅ እንደሆነ ገብቶኛል፣ አልነፋውም። «አውቅ ነበር እኮ» አለ። «ያን ቀን መንጃ ፈቃድህን ይዤ፣ መኪናውን እዚህ አቁመህ ቤትህ ሂድ ስልህ ምን አልከኝ? የሰው ንብረት ጥዬ አልሄድም ብለህ ዝናቡን ከመኪናው ሥር አሳለፍከው። በዘመዱ መኪና እንዲህ የሚሆን ሰው አላየሁም። ዘመድ ቢሆንማ ቁልፉን ወርውረህልኝ ትሄድ ነበር።»

እውነቱን ነው። ጋቢ ያመጣሁለት እኔ ነበርኩ።

«ታዲያ እያወቁ ለምን ጻፉት?» አልኩት፣ አላስችል ብሎኝ።

ወደኔ ዞረ። «ኦቦሌቲ ኮ» አለኝ፤ እህቴ ማለቱ ነው። «እኔ የምጽፈው ሹፌሩ የሰጠኝን ቃል ነው። የማስበውን ብጽፍማ ወረቀቱ አይበቃኝም።»

ባለቤቴ የመልቀቂያውን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ነገረው። ሰውየው ሰማው። አንድ መኪና መጣ፣ አየው፣ አሳለፈው። ከዚያ ተመልሶ፣

«እዚያ ከገባህስ? ለአለቃህ ስትል ደግሞ ልትዋሸኝ ነው?» አለው።

ባለቤቴ ሳሩን እንደዘረጋ ነው። «ጌታዬ፣ መንግሥት ክርስትና አያነሳም።»

አሁን ሳቁን አልደበቀውም። ከሳሩ ቆረጥ አድርጎ ወሰደና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። «ይሄን ያየ ሰው ፍየል አረባ ይለኛል» አለ።

በማግስቱ ከሥራ ሲወጣ መጋዘኑ ድረስ አብሮን መጣ። ወንድምየው ሲያዩት ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ የያዙት ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ።

«ይቀመጡ፣ ልከስዎት አልመጣሁም» አለ ፖሊሱ። «የወንድምዎ መኪና የተከሰሰችበት ሁሉ ተዘግቷል። የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። የዘጋው ይሄ ሰው ነው፣ በገዛ ስሙና በገዛ ኪሱ። ዋሽቷል፤ ለኔም ዋሽቷል፣ ይቅርታ ጠይቆኝ ተቀብያለሁ። ግን መሪው ላይ የነበረው እሱ ነው። የፈለገ ቢጠይቀኝ ይሄንኑ እናገራለሁ።»

ወንድምየው ባለቤቴን አዩት። «በራስህ ኪስ?» አሉ። «ወንድሜ ያውቅ ነበር?»

«ሁሉን አያውቁም ነበር» አለ ባለቤቴ አቀርቅሮ።

ሌላ ነገር አልጠየቁትም። ወረቀት አወጡ፣ ብዕር ነከሩ። «ሥራ የጀመርከው መቼ ነው?»

ባለቤቴ ወደኔ ዞረ። ቀን በቁጥር ማን ያውቃል? «የበኩር ልጃችን ክርስትና ከመነሣቱ በፊት ባለው መስከረም» አልኳቸው።

«ክርስትናው ላይማ እኔም ነበርኩ» አሉ፤ ፊታቸው ፈታ አለ። «ነጩ ሸማዬ ላይ ጠጅ የደፋሽብኝ ቀን አይደለም?»

«እኔ ነኝ?» አልኳቸው። «እርስዎ እኮ ሲያጨበጭቡ ነው።»

ጻፉለት። «ታማኝ» የምትለዋን ቃል ሲጽፉ ቀና ብለው አዩትና ቃሏን በብዕሩ ደግመው አጠቆሯት። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መቱት፣ አንዱ ደብዝዞባቸው ነበር። እኔ እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል «ተይ፣ ተይ፣ አበልጅ አይደለን» አሉኝ። እሱን ቃል ስሰማ ነው ያለቀስኩት፤ ሟቹ የተመለሱ መሰለኝ።

ሥራውን አገኘ። ልጆቼ በዚያ ደሞዝ ተማሩ፣ ቤታችን ቆርቆሮ ለበሰ። ለዚህ የማመሰግነው ሰው ብዙ ነው፤ ፈርተውም ቢሆን የጻፉትን፣ ያስጻፈውን፣ መሪ ያስጨበጡትን። የእርጎዋን ሴትም አልረሳሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የመንግሥቱን መኪና ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ነቀምቴ ሲመለስ፣ ባኮ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነበርና መንገድ ላይ አገኘኝ። ቆመ። እንደ ድሮዬ ወጥቼ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። በበሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳልወጣ አንብቤዋለሁ፤ ግን ሚስትም እንደ ሰው ትቆጠራለች ብዬ መቼ አሰብኩ።

ኬላው ላይ ሰውየው አስቆመን። ጫማው እንደተለመደው ያበራል። ባለቤቴን ሰላም አለው፣ ወደኔ መጣ።

«ይቺ ማናት?»

ባለቤቴ ዘመድም፣ የሥራ ባልደረባም አላለም። «ሚስቴ ናት፣ ጌታዬ።»

«አንቺ፣ ማንበብ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ» አልኩት፣ ትንሽ ኮራ ብዬ።

«በሩ ላይ ያለውን አንብቢልኝ እስቲ።»

ወርጄ አነበብኩለት። «ከሠራተኛ በቀር ሰው መጫን ክልክል ነው።»

«ጎበዝ። እንግዲህ ወርደሻል፣ አትመለሺ» አለኝ። ወረቀቱን አወጣና ወደ ባለቤቴ ዞረ። እንደማያውቀው ሰው፣ «ሥራህ?» አለው።

«ተቀጣሪ ሹፌር።»

ጻፈው። ቀድዶ ሰጠው።

«ገለቶማ» አልኩት በቋንቋው፤ ይመስገኑ ማለቴ ነው።

«ለከሰስኩት?»

«ለጻፉት።»

ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ፣ በጭቃው ወደ ሰፈራችን ወደ ባኬ ጃማ አዘገምኩ። መኪናዋ ከኋላ መጥታ ቀስ ብላ አለፈችኝ፤ ባለቤቴ ክሱን በመስኮት አውጥቶ እያውለበለበልኝ።