በልስን ስር ያለው ጡብ

ሀጂራ ከኦጎልቾ ተድራ አሰላ ስትገባ ቤቱ ልስን አልነካውም ነበር። አማቷ፣ የኢተያ ስንዴ ነጋዴ፣ ግንበኛ አስመጥቶ ያሠራው የጡብ ቤት ነው፤ በሮቹ ላይ ቅስት፣ ከጣሪያው ስር ጥርስ የመሰለ የጡብ ረድፍ። ሀጂራ አልወደደችውም። ያላለቀ መሰላት። እዚያው ወልዳ ዳረች፤ ፊት ለፊት ባለው ክፍል በሶ እየሸጠች አረጀች።

ባሏ ሐጂ ቱሳ መካ በሄዱ ጊዜ ግድግዳውን አስለሰነችው። ሐጂ የሚገባበት ቤት ይቀባል፤ ባዶ ጡብ ደግሞ ለቀለም አያምርም ተባለ። ሲሚንቶ ለበሰ፣ አረንጓዴ ተቀባ። ሐጂ ከመኪና ሳይወርዱ "ቤቴ የቱ ነው?" ብለው ሰፈሩን አሳቁት። ባለፈው ክረምት ሞቱ። ሀጂራ አላለቀሰችም፤ ለቀስተኛው ታዘባት።

ዘንድሮ መንገዱ ሊሰፋ ሆነ። ከመፍረስ የሚተርፉትን የድሮ ጡብ ቤቶች የምትለይ ፅዮን የምትባል የሥነ ሕንጻ መምህርት መጣች። ጡብ ስትዳስስ፣ ቅስት ስትለካ ሰነበተች። የሀጂራን ደጅ አየት አድርጋ አለፈች።

"ልጄ፣ ይሄም ጡብ ነው" አለች ሀጂራ።

"የሚታየኝ ሲሚንቶ ነው እማማ።"

"ከስር ነው።"

"ካልታየ ልከራከርልዎ አልችልም። ሐሙስ እመለሳለሁ፤ ገልጠው ያሳዩኝ። የጡቡ ፊት ደህና ከሆነ ቤትዎ ይተርፋል።"

ሀጂራ መዶሻና መሮ ተውሳ ከቅስቱ አጠገብ ጀመረች። የጓሮ ጎረቤቷ ጠጂቱ ድምፁን ሰምታ መጣች።

"አንቺ! ለሐጂ ያለበስሽውን ልታራቁቺው ነው?"

"ሐጂ አያዩም።"

"እኔ አየሁሽ አይደል? በስተርጅና ግንበኛ! ቆይ ሰው ልጥራልሽ።"

"ተዪኝ ጠጂቱ።"

ልስኑ ትልልቅ ቅርፊት እየሆነ ወረደ። ጡቡ ታየ። ቀይ ነው። ፊቱ ግን ፈንጣጣ እንደያዘው ሰው ተበሳስቷል። ራቅ ብላ ገለጠች። ያም እንደዚያው። መስኮቱ ዘንድ ሄደች። ያም።

ያኔ ትዝ አላት። ሲሚንቶው እንዲይዝ ሠራተኞቹ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር በመጥረቢያ ወቅረውት ነበር። ቅስቱ ጋ ሲደርሱ አንዱ "ይሄስ ይቅር?" ብሎ ጠየቃት። "አንድ ወጥ ይሁን" ያለችው ራሷ ናት።

ደንበኛ መጣ። መዶሻውን አስቀምጣ በሶ ሰፈረችለት።

ሐሙስ ፅዮን ጣቷን ብሱ ውስጥ ሰደደች።

"ማነው እንዲህ የወቀረው?"

"እኔ ነኝ ያስወቀርኩት።"

ፅዮን ወደ ጣሪያው ቀና አለች። የጥርሱ ረድፍም ተከርክሟል። ፎቶ አነሳች። "ይቅርታ እማማ" አለች፤ "ይሄን ማስተረፍ አልችልም።"

ማምሻውን ጠጂቱ መጣች። ሀጂራ የልስኑን ፍርስራሽ ከመንገዱ ትጠርጋለች።

"ምን አለችሽ?"

"ይፈርሳል።"

"አንቺስ ምን አልሻት?"

"በጓሮ አዙሬ ያንቺን ቤት አሳየኋት። አላየችውም ነበር። ያንቺ ጡብ አልተለሰነም።"

ሀጂራ መጥረጓን ቀጠለች።