የዘይኑ ሦስተኛ ምስክር

ዛሬ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወርድ በግቢያችን ድንኳን ሲተከል አየሁ። የግቢውን ጥበቃ፣ «የማን ሐዘን ነው?» አልሁት።

«የዶክተር ነው፣ ጋሼ።»

«የትኛው ዶክተር?»

በእኛ ብሎክ ከዘይኑ ሌላ ዶክተር እንደሌለ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ግን ጠየቅሁ። ሌላ ስም ይጠራልኝ ይሆናል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። አልጠራም።

ከትናንት በስቲያ ደረጃው ላይ ተገናኝተን ነበር። የሙዝ ፌስታል አንጠልጥሎ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሹን ይሰበስባል። «ደረስን ወይ?» ስለው እንደ ልማዱ «ተጠጋን» አለኝ።

ከዙህር ሶላት በኋላ ቀብረነው ተመለስን። ደክሞኛል። ድካሙ ግን የጉልበት ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ለማታውቁት፣ ዶክተር ዘይኑ ሸረፋ የሒሳብ ሰው፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ተወልዶ ያደገ፣ የልብስ ሰፊው የአቶ ሸረፋ ልጅ። ዕድሜውን ሙሉ ያጠናው «ቋሚ ነጥብ» የሚባለውን ነው፤ ሁሉም ነገር ሲዞር፣ ሲጠብና ሲተጣጠፍ ቦታውን የማይለቅ አንድ ነጥብ መኖር አለመኖሩን የሚመረምር ዘርፍ።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ሰው ነኝ፤ ነገሩ አይገባኝም ነበር። አንድ ቅዳሜ የአዲስ አበባን ካርታ ይዞ መጣና ሳሎኔ ወለል ላይ ዘረጋው።

«እዚህ ካርታ ላይ አንዲት ነጥብ አለች፤ የምታመለክተው ቦታና አሁን ያረፈችበት ወለል አንድ የሆነ። የት እንዳለች ይንገሩኝ፣ ጋሼ።»

«እኔ መነጽሬን እንኳ የት እንዳስቀመጥሁት አላውቅም» አልሁት።

«እንጠጋለን። መጀመሪያ ካርታው ላይ ልደታን ይፈልጉ። ልደታ ውስጥ ይህን ቤት። ቤቱ ውስጥ ይህን ካርታ። ካርታው ውስጥ ደግሞ እንደገና ልደታን...» ጣቱ እየጠበበ በሚሄድ ክብ ዞሮ ዞሮ ቆመ። «ተጠጋን» አለ።

ባለቤቴ «ተነሡ እንግዲህ፣ ልጥረግበት» ባትለን ኖሮ እስከ ምሳ ድረስ እንደተንበረከክን በቆየን ነበር።

ሥራው በሩቅ አገር ተነበበ። እሱ ካረጋገጠው ተነሥተው ሌሎች አዲስ ነገር አረጋገጡ፤ በጽሑፋቸውም ግርጌ ጠቀሱት። ችግሩ የመጣው ከዚህ ነው። የውጭ ሰዎች የሚጠቅሱት የመጨረሻውን ስም ነው። የእኛ ሰው ደግሞ የቤተሰብ ስም የለውም፤ በራሱ ስም ይጠራል፣ የአባቱ ስም ይከተለዋል። እዚህ ያሉት «ዘይኑ» ብለው ጠቀሱት፤ ዓለም «ሸረፋ» አለው። ማን ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ የሚቆጥረው መዝገብም ሁለት ሰው አደረገው፤ ጥቂት የተጠቀሰ ዘይኑና ብዙ የተጠቀሰ ሸረፋ።

ለፕሮፌሰርነት ማዕረግ ባመለከተ ጊዜ መርማሪዎቹ ያገኙት ዘይኑን ብቻ ነበር። የሥራው ተጽዕኖ አነስተኛ ነው ተባለ። እየሳቀ ነገረኝ። «አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር፣ ጋሼ። ሱሪ ሲያሳጥር ኖሮ ይኸው አሁን ጃፓን ድረስ ይጠቅሱታል።»

ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያስረዳ ማስረጃ ከወረዳ አምጣ አሉት። ለዚያ ደግሞ የታደሰ መታወቂያ ያላቸው ሦስት ምስክሮች ያስፈልጋሉ። ሁለቱን አገኘ። ሦስተኛው እኔ ነበርሁ።

መጀመሪያ ተቆጣሁ። «አንተ፣ አንተ መሆንህ በምስክር ነው?» አልሁት። ቀጥሎ የመታወቂያዬ ጊዜ ማለፉን አየሁ። ወረፋ መቆም ታከተኝ። ጉልበቴን አመካኘሁ፣ ዝናቡን አመካኘሁ፣ ያልጨረስሁትን የመጽሐፍ እርማት አመካኘሁ። «በሚቀጥለው ሳምንት» ባልሁት ቁጥር «ግድ የለም፣ ተጠጋን» ይለኝ ነበር። አንድም ቀን አልወቀሰኝም። በዚህ መሀል ጡረታው ደረሰ፤ የማዕረግ ማመልከቻው መልስ ሳያገኝ ቀረ።

ከቀብር መልስ ሴት ልጁ ፈቲያ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። ከአባቷ መሳቢያ ያገኘችውን የታጠፈ ወረቀት ሰጠችኝ። ለወረዳ ያዘጋጀው ማመልከቻ ነው። ከግርጌው ሁለቱ ምስክሮች ፈርመዋል። በሦስተኛው መስመር ስሜ በእሱ እጅ ተጽፏል፤ የፊርማው ቦታ ባዶ ነው።

«‘ጋሼ ሲመቻቸው’ ብሎ ነው ያስቀመጠው» አለችኝ።

እንግዲህ ወረዳ ሄጄ ያልተናገርሁትን እዚህ በእናንተ ፊት እናገራለሁ። በሒሳብ መጽሔቶች ግርጌ «ሸረፋ» እየተባለ የሚጠቀሰው ሰውና በልደታ ኮንዶሚኒየም ከእኔ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ይኖር የነበረው ዘይኑ አንድ ሰው ነው። ይህን በሚገባ አውቃለሁ። በየአገሩ ያላችሁ ተማሪዎቹ፣ ከእንግዲህ ስትጠቅሱት ሁለቱንም ስም ጻፉ። ይህ ያላገኘውን ማዕረግ አይሰጠውም። ይህ ምስክርነትም ለየትኛውም ጽሕፈት ቤት አይበቃም፤ መታወቂያዬ ዛሬም አልታደሰም።

ዘይኑ ወንድሜ፣ ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ፈረምሁ። ነገ ወደ አንተ ቤት ወጥቼ ለፈቲያ እመልስላታለሁ። እኔን ብለህ ብዙ ጠበቅህ፤ አሁን ማንንም አትጠብቅ። አላህ ይዘንልህ። ከእንግዲህ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ ትንፋሼን ስሰበስብ «ደረስን ወይ?» የምለው ሰው የለኝም። ደህና ሁን።