ያልተተረጎመው ጋሎን

ከወሎ ተመድቤ ሚኤሶ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ተማሪዎቼ በአንድ ነገር ይጠሉኛል። መልሱን በትክክል ሠርተው መለኪያውን ካልጻፉ ዜሮ እሰጣለሁ። «አምስት» ብሎ ያቆመ ካገኘሁ፣ «አምስት ምን? አምስት ፍየል?» እላለሁ፤ ክፍሉ ይስቃል፣ ልጁ ይሸማቀቃል፣ እኔ ደስ ይለኛል። ኢንቹን ወደ ሴንቲ ሜትር፣ ፓውንዱን ወደ ኪሎ እየቀየርኩ ሰሌዳ ስሞላ ከእኔ በላይ አዋቂ ያለ አይመስለኝም ነበር። ይህን የማወራው ለመመፃደቅ አይደለም። በኋላ ያደረግሁት ነገር እስከ ዛሬ አንገቴን ስለሚያስደፋኝ ነው።

ቤት ያከራዩኝ ሽማግሌ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለች ማሳቸው ማሽላ ያመርታሉ። አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፣ ጭሮ ሆኖ ጫት የሚነግድ ጎልማሳ። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ሊጠይቃቸው ይመጣል። አባትና ልጅ ሲገናኙ ብዙ አያወሩም፤ ግን እሱ በሚመጣበት ቀን ሽማግሌው ከጠዋት ጀምሮ አሥር ጊዜ ብቅ እያሉ መንገዱን ያያሉ።

ባለፈው ዓመት ማሽላው ጉልበት ሲደርስ ተምች ገባበት። ልጁ ማሳውን አይቶ ተመለሰና በሳምንቱ አንድ ጠርሙስ ፀረ ተባይ ይዞ መጣ። ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ በሙሉ እንግሊዝኛ ነበር። ሽማግሌው ይዘውት ወደ እኔ ክፍል መጡ።

«መምህር፣ ይሄ ምን ይላል? አንብብና ንገረኝ» አሉ።

ጽሑፉ ለአንድ ጋሎን ውሃ ሁለት አውንስ ይላል። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሳገኝ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ነው የሚያደርገኝ። አውንሱን ወደ ሚሊ ሊትር ቀየርኩት፤ ስልሳ ገደማ መጣ። ስልሳ ሚሊ ሊትር ለእሳቸው ምን ይነግራቸዋል ብዬ አሥር ሚሊ ሊትር የምትይዝ የሳል ሽሮፕ መለኪያ ከዕቃዬ ፈልጌ ሰጠኋቸው። መለኪያዋን ከዚህ በኋላ ለሌላ ነገር እንዳይጠቀሙባት ብዬም አስጠነቀቅኩ። ከዚያ በወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩላቸው፦ «በዚህች መለኪያ ስድስት ጊዜ፣ ለአንድ ጋሎን ውሃ።»

ጋሎኑን አልቀየርኩትም። ለምን እቀይረዋለሁ? ጋሎን እኮ አማርኛ ሆኗል፤ ቀለም እንኳ የምንገዛው በጋሎን ነው። አውንሱ እንግዳ ስለነበር ተጠነቀቅኩለት፤ ጋሎኑን ግን ቤተኛ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሽማግሌው እንደ ወረቀቱ በጥብጠው በጀርባ በሚታዘለው መርጫ ረጩ። ተምቹ አልሞተም። ደገሙት፤ አልሞተም። ሦስተኛ ሲረጩ ጠርሙሱ አለቀ፤ የማሽላው ቅጠል ግን እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ነበር።

በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ከስግደት ሲወጡ፣ ልጁ መስጊዱ በር ላይ አገኛቸው። እኔ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ሳሙና እየገዛሁ ነበር።

«ውሃ በጠርሙስ ለአባትህ አመጣህ!» አሉት ሰው ሁሉ እየሰማ። «አንተ ነጋዴ ነህ። ወላሂ፣ አባትህንም ትሸጣለህ!»

«አባ፣ እኔ...»

«ዝም በል!»

ልጁ ትንሽ ቆሞ በመጣበት ሚኒባስ ወደ ጭሮ ተመለሰ። እኔም በሆዴ «የዘንድሮ ነጋዴ!» ብዬ ፈረድኩበት። ያን ፍርዴን ሳስታውስ እስከ አሁን ያመኛል።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ግቢው ውስጥ ልብሴን ሳጥብ ሽማግሌው ለባለቤታቸው፣ «ለመምህሩ ውሃ ጨምሪለት፣ ጋሎኑን አምጪ» አሉ። ባለቤታቸው ያመጡት ቢጫውን ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ነው።

«ይሄን ነው ጋሎን የሚሉት?» አልኳቸው።

«ታዲያ ጋሎን ሌላ ምን አለ?» ብለው ሳቁብኝ።

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ጋሎን አራት ሊትር እንኳ አይሞላም። እሳቸው የእሱን መጠን መድኃኒት ሃያ ሊትር ውሃ ውስጥ ነው የጨመሩት፣ ከአምስት እጥፍ በላይ አቅጥነው። መድኃኒቱ ደህና ነበር። ልጁም ደህና ነበር። የተበላሸው እኔ ጋ ነው።

እዚያው መናገር ነበረብኝ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት ያላወቅኩት ሆኜ አይደለም። ግን ፈራሁ፤ እውነቱን ለመናገር ከፍርሃትም ኩራት ነው። መለኪያ ረሳህ ብዬ በስንቱ ልጅ ስቄ፣ አሁን ራሴ ከተማው ሁሉ የሚስቅብኝ ልሆን? ፈተና ይለቅ አልኩ፤ ፈተናው አለቀ። የሽማግሌው ንዴት ይብረድ አልኩ፤ በረደ፣ ልጁ ግን አልመጣም። ማሽላው ፍሬ ሳይዝ ለከብት ታጨደ። ሽማግሌው ዓርብ ዓርብ መንገዱን ማየት ተዉ፤ እኔም አይቼ እንዳላየሁ በራቸውን አልፌ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

አንድ ቀን የጭሮ ሚኒባስ ሹፌር ልጁ ንግዱን ትቶ፣ ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ሊገባ በጅቡቲ በኩል መውጣቱን ነገረኝ። በዚያ መንገድ ሄዶ የቀረው ስንት እንደሆነ እዚህ አገር የማያውቅ የለም። ከሹፌሩ ተለይቼ በቀጥታ ወደ ሽማግሌው ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«አንድ ቃል ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ለአንድ ቃል ይሄን ሁሉ ወር?»

ቢሰድቡኝ፣ ከቤቴ ውጣ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእሳቸው ወለምታ መናገር ነው፣ የኔው ደግሞ ዝም ማለት።

«ደውልለት» አሉኝ። «የኔን አያነሳም። አንተ ንገረው።»

ስልኩ ዝግ ነበር። በማግስቱም ዝግ ነበር። ከሥራ ስመለስ በየቀኑ ከጎናቸው ተቀምጬ እደውላለሁ፤ እሳቸው «ያ ረቢ» እያሉ መቁጠሪያቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። አርባ ቀን ገደማ ሲሆን ከሰዓት በኋላ በጓደኛው ቁጥር ራሱ ደወለልኝ። ጅዳ ገብቷል። ድምፅ ማጉያውን ከፍቼ፣ አባትየው እየሰሙ፣ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ከአውንሱ እስከ ጀሪካኑ ነገርኩት።

«መድኃኒቱ ደህና እንደነበረ አውቃለሁ፣ መምህር» አለ። «የማሽላውን ቅጠል ከነተምቹ በፌስታል ይዤ ነው ድሬዳዋ የሄድኩት። ባለሱቁን ሳልገዛ እዚሁ ሞክርልኝ አልኩት። እስኪሞቱ ድረስ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።»

«ታዲያ ይህን ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሽማግሌው ስልኩን ከእጄ ወስደው ወደ አፋቸው አስጠጉት።

«ሞቱ?» አሉ።

«አዎ አባ። ሁሉም ሞቱ።»

«ስንት ነበሩ?»

ልጁ ቆጥሮ ነገራቸው። ቅጠሉ ከየትኛው ማሳ ጥግ እንደተቆረጠም ጠየቁት፤ ሱቁ ገበያው ውስጥ ነው ወይስ መንገድ ዳር፣ ፀሐይ መትቶት እንደሆነ፣ ያን ቀን ምሳ በልቶ እንደሆነ። ስልኬን ትቼላቸው ወደ ግቢው ወጣሁ። በጊዜው ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ልጃቸውን ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው ይህን ሁሉ ይጠይቁት ነበር።