የታችኛው መደብ

ባለፈው ቅዳሜ ሸዋ ሮቢት ማደያ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለ አንድ ሽማግሌ ከባጃጅ ወረዱ። በሁለት እጃቸው የውሃ ፓምፕ ታቅፈዋል። አቧራ እንዳይገባበት ነው መሰለኝ በነጠላ ጠቅልለውታል፤ ከሩቅ ላያቸው ሰው የታመመ ሕፃን ጤና ጣቢያ የሚወስዱ ይመስላሉ። ነዳጅ የሚቀዳው ልጅ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«አባባ፣ ደግሞ ምን አመጡልን?»

«በጀሪካን አይቀዳም አላችሁኝ። እንግዲያው ሞተሩን ራሱን አመጣሁት። ይኸው አፉ፣ ቅዳበት!»

ሰልፈኛው በሙሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር። ከትከሻቸው ላይ የተንጠለጠለችውን ቁራጭ የጎማ ቱቦ ሳይ ግን ተውኩት። ውፍረቷ አውራ ጣት የሚያህል፣ ርዝመቷ ክንድ ተኩል የሚሆን ጎማ ናት። ለምን እንደያዟት አውቃለሁ።

ወንድሜ እንድሪስ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኝ ነበር ልበል፤ አሁን በዕድሜ ልደርስበት ምንም አልቀረኝም። ጋሼ ነበር የምለው። አባታችን ሲሞት ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ በቀወት ሮቢ ወንዝ ዳር ያለችንን መሬት ያዘ፤ እኔ ግን ትምህርቴን እንድቀጥል አደረገ። ዘንድሮ በቀይ ሽንኩርት ሞላ ያለችው ማሳ እሷ ናት።

ነገሩ የሆነ ጊዜ አስራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የአካባቢው ሰው ሁሉ ሽንኩርት ተክሎ ነበር። ልክ ሲደርስ ከድንበር ማዶ የገባ ሽንኩርት ገበያውን ሞላውና የእኛን የሚጠይቅ ጠፋ። ግማሹ ለከብት ተሰጠ፣ ግማሹ ማሳው ላይ በሰበሰ። በዚያ ሙቀት ሽታው አስፋልቱ ድረስ ይመጣ ነበር። በተከታዩ ዓመት ጎረቤቶቻችን ወደ ማሽላና ወደ ማሾ ተመለሱ። ጋሼ ግን ማሳውን በሙሉ ሽንኩርት ተከለበት።

«ሰው ፈርቷል» አለኝ ችግኝ እያዛወርን። «የፈራ ሰው አይተክልም። ካልተተከለ ደግሞ ይወደዳል። መትከል ሰው ሲሸሽ ነው።»

በዚያው ሳምንት የኢኮኖሚክስ አስተማሪያችን ፍላጎትና አቅርቦት ብለው ሰሌዳ ላይ ሁለት መስመር አቋርጠው አሳይተውን ነበር። ዋጋን አንድ ሰው ብቻውን አይወስነውም፣ እያንዳንዱ ለራሱ ብሎ ከሚያደርጋት ትንሽ ነገር ተጠራቅሞ ይመጣል አሉ። ማታ ደብተሬን ገልጬ አነበብኩለትና «ጋሼ፣ አንተ ያልከውን ነው እኮ ያስተማሩን» አልኩት።

እስክጨርስ አዳመጠኝና «ታዲያ አስተማሪህ ስንት መደብ ተክለዋል?» አለ።

የዋጋውን ነገር በደንብ አይቶታል። ያላየው የቤንዚኑን ነው። ቤንዚን በየመንገዱ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ በእጥፍ መሸጥ በዝቶ ስለነበር ማደያ በጀሪካን እንዳይቀዳ ተከለከለ። ሕጉን ያወጣው ሰው ክፉ ነው አልልም። ጠርሙሶቹን እኔም አይቻቸዋለሁ፤ ባለ ባጃጆችም በእነሱ ይማረሩ ነበር። ሕጉን ሲያወጣ ግን ያሰበው ስለ መኪና ይመስለኛል። በቆላ ሽንኩርትም በፓምፑ በኩል ቤንዚን እንደሚጠጣ ማን ይንገረው? ለገበሬ የተለየ ፈቃድ እንዲሰጠን ማመልከቻ አስገባን። «ከላይ መመሪያ እየጠበቅን ነው» ተባልን። ሽንኩርቱ ግን መመሪያ አይጠብቅም፤ ኩርቱ፣ አፈር ውስጥ ያለው ራሱ፣ መሙላት በሚጀምርበት ጊዜ አንድ ሳምንት ውሃ ካጣ እንደ ነጭ ሽንኩርት ፍንካች ኮስሶ ይቀራል።

ስለዚህ ሁሉም የሚያደርገውን አደረግን። ኑርዬ የሚባል የጋሼ አብሮ አደግ ባጃጅ ነበረው። ተሰልፎ የባጃጁን ታንከር ያስሞላል፣ ማሳችን ድረስ ይነዳል፣ ጋሼ ጎማውን ታንከሩ ውስጥ ከትቶ በአፉ ይስባል፣ ቤንዚኑ ሲመጣ ቶሎ ብሎ ጎማውን ፓምፑ ላይ ይደቅነዋል። ከዚያ ይተፋል፣ ይተፋል። በዚያ ሰሞን በወንዙ ዳር ሁሉ የሚተፋ ሰው ነበር።

ረመዳን ነበር። ኑርዬ ከማለዳ ጀምሮ ተሰልፎ የደረሰው አሥር ሰዓት አልፎ ነው። ሙቀቱ ገና አልበረደም፤ የሽንኩርቱ ቅጠል ጫፉ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። ጋሼ መደቦቹ መሃል ወዲያና ወዲህ ሲል ነበር የዋለው።

«እንድሪስ፣ አንተን ጾመኛ የሚልህ ማነው?» አለ ኑርዬ ከባጃጁ ሲወርድ። «በየቀኑ ቤንዚን እየተጎነጨህ!»

«ሳብኩ እንጂ ዋጥኩ? ሼኹን ጠይቄያለሁ ወላሂ። ካልዋጥከው ምንም አይደል ብለውኛል።»

እውነት ጠይቆ ይሁን ለቀልድ እስካሁን አላውቅም።

ጎማውን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። ከእጄ ወሰደው። «አንተ ነገ ፈተና አለብህ። አፍህ ቤንዚን እየሸተተ ክፍል ልትገባ ነው?» ተንበርክኮ መሳብ ጀመረ። ጎማዋ አየር ታስገባ ነበርና አልመጣ አለው። ደግሞ ሳበ፣ ጉንጩ ጎደጎደ። ኑርዬ ይህን አይቶ «ኧረ ቀስ! ባጃጇን ራሷን እንዳትውጣት!» አለው።

ጋሼ ሳቀ። ጎማው አፉ ውስጥ እንዳለ ሳቀ።

ቤንዚኑ ከሳቁ ጋር ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ ሳሉ መጣ። ዓይኑ ደም መሰለ፣ በጉልበቱና በእጁ መሬት ላይ ሆኖ ትንፋሽ አጣ። ጎማውን አነሳሁና ቤንዚኑን ፓምፑ ውስጥ አወረድኩ፤ ጠብታ እንዳይፈስ ነበር የማስበው። ስለ ቤንዚኑ ነበር የማስበው። ሳሉ ጋብ ሲልለት ውሃ ጠጣ አልነው። አፉን ብቻ ተጉመጥምጦ ተፋ። «መግሪብ ሊደርስ ነው፤ ይህን ያህል ጾሜ ውዬ አሁን አልፈታም። ሞተሩን አስነሱ።»

ፓምፑ ተነሳ። ጋሼ ቁርቁራው ዛፍ ሥር ተቀምጦ እያሳለ በእጁ ያመለክተኛል፣ እኔ በዶማ ቦይ እከፍታለሁ። የላይኛው መደብ ጠጣ፣ መካከለኛው ጠጣ። የታችኛው ላይ ልንደርስ ስንል ፓምፑ ቤንዚኑን ጨርሶ ሁለት ጊዜ ተንተፋተፈና ቆመ። አዛን ሲል ተምር ሰጠሁት፤ መዋጥ አቃተው።

ቤት ስንደርስ እናቴ ፊቱን አየች። ቤንዚን እንደገባበት ነገርኳት። «ለመርዝ ወተት ነው፣ ሮጥ በል!» አለችኝ። ከጎረቤት አመጣሁ። ሁለት ኩባያ አጠጣነው፤ ከዚያ እንዲያስታውክ ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ እንዲከት ነገርኩት፤ ግንባሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሲያስታውክ ወጣለት ብለን አልሃምዱሊላህ አልን።

ሲነጋ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ጤና ጣቢያ የነበረችው ነርስ ሁሉንም ጠየቀችኝ። ወተቱና ማስታወኩ ላይ ስደርስ ብዕሯን አቆመች። እናቴ ውጭ ነበረች። ነርሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ቤንዚን ሲሆን አያስታውኩም። ሲመለስ እንደገና ሳንባ ውስጥ ይገባል» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «አላወቃችሁም» አለች።

ይህን ለእናቴ ነግሬያት አላውቅም። ማንበብ አትችልም፤ እዚህ ላይ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

በአምቡላንስ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣን። ጣርማ በር ተራራ ላይ መኪና የሚያልፍበት ዋሻ ውስጥ ስንገባ ብርዱ መጣ። ጋሼ የቆላ ሰው ነው፣ ብርድ አይወድም፤ ጋቢውን እስከ አገጩ ድረስ ሳብኩለት። ጨለማው ውስጥ እጄን ያዘኝ።

«የታችኛው መደብ... ጠጣ?»

«ጠጥቷል ጋሼ።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን። ዛሬ ጠዋት አጠጣሁት።»

ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ በኋላ ያወራኝ ነገር የለም። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አረፈ። ጀናዛውን ይዘን በዚያው ዋሻ ተመለስን። አላህ ይርሃመው።

ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ፈቃዱ መጣ። በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ደብዳቤ ይዞ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በጀሪካን መቅዳት ይችላል ተባለ። ደብዳቤው የተጻፈው በጋሼ ስም ነበር። በእኔ ስም ለማዞር ሌላ ማመልከቻ ማስገባት ነበረብኝ፤ የሞተበትን ምክንያት የሚጠይቅ ባዶ መስመር ነበረው። «በሕመም» ብዬ ሞላሁ።

ሽንኩርቱን የመንደሩ ሰው በደቦ አነሳልን። የላይኛውና የመካከለኛው መደብ እንደ ቡጢ የሞላ ነበር። የታችኛው ፍንካች ሆኖ ቀርቷል። ዋጋውም ጋሼ እንዳለው ሆነ፤ እንዲያውም ካለው በላይ ወጣ፤ የተከሉት ጥቂት፣ ከተከሉትም ቤንዚን አጥተው የደረቀባቸው ብዙ ነበሩ። ነጋዴዎች ማሳው ድረስ መጥተው ተሻሙበት። በዚያ ዓመት በተወደደው ዋጋ ውስጥ የጋሼ ትንፋሽ እንዳለበት ሽንኩርቱን የበላ ሰው አላወቀም። ሊያውቅም አይችልም።

ማን ገደለው ብዬ ራሴን የምጠይቅበት ጊዜ አለ። ኑርዬ ከዚያ ወዲህ አይቀልድም፤ ባጃጁንም ሸጧል። እናቴ ወተት ይጠጣ አለች፤ እኔ ግንባሩን ያዝኩ። ሕጉን የጻፈው ሰው ቢሮው ተቀምጦ ጠርሙስ ስለሚሸጡት አሰበ። ማመልከቻችንን የተቀበለው ሰው የታዘዘውን ጠበቀ። አስተማሪዬ ስለ ዋጋ ያሉት ነገር ይመጣብኛል፤ ሁሉም የራሱን ትንሽ ነገር አደረገ። ደብተሩን አሁንም አስቀምጬዋለሁ፤ ግን አልገልጠውም።

ሽማግሌው ቅዳሜ ዕለት ደብዳቤ የላቸውም ተብለው ፓምፓቸውን እንደታቀፉ ሊመለሱ ሲሉ ተከተልኳቸው። ከጀሪካኔ አካፈልኳቸው። በኪሴ ሁልጊዜ የምይዛትን፣ በእጅ ተጨምቃ ቤንዚን የምትስብ የፕላስቲክ መሳቢያ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ዋጋዋ ከአንድ ኪሎ ሽንኩርት የማይበልጥ ነገር ናት።

«ጎማዋን ይጣሏት አባባ። አፍዎን አያስነኩት።»

«ኧረ እኛ ለምደነዋል፣ ልጄ።»

«ወንድሜም ለምዶት ነበር» አልኳቸው። ፊቴን አይተው ጎማዋን ከትከሻቸው አወረዱ።

በቀረኝ ቤንዚን ወደ ማሳዬ ሄድኩ። ውሃ የሚጀመረው ከላይ ነው፤ ሕፃንም ያውቀዋል። በደረቀ ቦይ እስከ ታች ድረስ ከሰደዱት ግማሹን መሬቱ መንገድ ላይ ይጠጣዋል። ጎረቤቶቼ «ቤንዚን ርካሽ ሆኖልሃል እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል። እኔ ግን ፓምፑን አስነስቼ የላይኛውን ዘጋሁ፣ መካከለኛውን ዘጋሁ፣ እንደ ሁልጊዜው የታችኛውን መደብ ከፈትኩ። ውሃው እስኪደርስ ብዙ ቆየ። ዳር እስከ ዳር ሲሞላ ቆሜ አየሁ።

«ጠጥቷል ጋሼ» አልኩ። «ሙሉውን።»