ወደ ቡናው ክፍል የገባው ሙቀት

የሞቀ እሸት ቡና ሽታ የጠጅ አምቡላ ይመስላል፤ ጎምዘዝም ጣፈጥም ብሎ አፍንጫን ይይዛል። ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመቱ፣ በአንድ የኅዳር ማለዳ፣ መምህር ሲላስ የቡናውን ክፍል ሲከፍት የተቀበለው ይኸው ሽታ ነበር። ከሽታው ጋር እንደ ከብት ትንፋሽ ያለ ሙቀት ፊቱን መታው።

ሲላስ የማሻ ልጅ ነው፤ የማርና የእንሰት አገር ሰው። ቴፒ የመጣው ፊዚክስ ሊያስተምር ሲሆን፣ ቡና ያለበት ጓሮ የገዛው በዚያው ዓመት ነው። የተማረበት ጠርዙ የተበላ መጽሐፍ «ጉልበት አይፈጠርም፣ አይጠፋም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል እንጂ» ይላል፤ እሱም ይህን እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ኳስ ሲነጥር «ጉልበቱን ከየት አመጣው?»፣ ሲቆም «የት አደረሰው?» እያለ ተማሪ ያፋጥጣል። ልጆቹም «መምህር ከየት መጣ» የሚል ስም አወጡለት። ዕቃ ሲጠፋም፣ እንግዳ ሲመጣም፣ ጎረቤት ሲስቅም ጥያቄው ያው ነበር።

ቡናውን አስጥቶ ሳለ የቴፒ ዝናብ አላስደርቅ ቢለው፣ እርጥቡን እንዳለ አፍሶ ክፍሉ ውስጥ ከመረው፤ በላዩም ሸራ አለበሰው። እዚያው እያደሩ እንዲጠብቁ ያስገባው አባፎጊን ነው። አባፎጊ ከጅማ ወገን የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በቅሎ ሲነዱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። አሁን የሰፈሩን ቡና እየዞሩ ይጠብቃሉ፤ ሰው ቁልፉን የሚሰጣቸውም ስለሚያምናቸው ብቻ ነው።

«አባፎጊ፣ ሌሊት እሳት አንድደዋል?»

«እሳት? ቡና ቤት ውስጥ? አብጃለሁ እንዴ!»

«ታዲያ ይህ ሙቀት ከየት መጣ?»

«እኔ ተማሪህ ነኝ? ያ አምፖልህ ይሆናል። ሽቦ ቤት ማስገባት ደግ አይደለም ብዬህ ነበር።»

ሲላስ አምፖሉን ፈታ። ከዚያ አመድ ፈለገ፤ የለም። ሌላ ሰው ቢሆን «አመድ ከሌለ እሳት የለም» ይል ነበር። እሱ ግን «አመዱን ሳይቀር ጠርገውታል!» ብሎ ይብስ ተጠራጠረ። ያን ማታ ቁልፉን ተቀብሎ በሩን ቆለፈና ሽማግሌውን ከደጅ አሳደራቸው። ሲነጋ በሩ እንደተቆለፈ ነው፤ ክፍሉ ግን ከትናንቱ ይልቅ ሞቋል።

«ሌላ ቁልፍ አለዎት።»

«ወላሂ የለኝም።»

«ሙቀት ከምንም አይፈጠርም፣ አባፎጊ! አንድ ሰው አስገብቶታል። ዛሬውኑ ለሰፈሩ እናገራለሁ።»

የሽማግሌው ፊት ዳመነ። ይህ ወሬ ሰፈሩን ከዞረ ቁልፍ የሚሰጣቸው አይኖርም።

«መምህር፣ እኔ ያለኝ ስሜ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እሱን ከወሰድህብኝ በምን አድራለሁ?»

«እንግዲያው ጋቢዎን ያውልቁ፤ ክብሪት እንደሌለ ልይ።»

አባፎጊ ጋቢያቸውን አውልቀው አራገፉት፤ ኪሳቸውንም ገለበጡት። መሬት ላይ የወደቀው መቁጠሪያቸው ብቻ ነበር። ሲላስ ግን አሁንም አላመነም።

«ቡናው ውስጥ ቀብረውት ይሆናላ!» ብሎ ሸራውን ገፈፈና ክንዱን እስከ ብብቱ ከክምሩ ሰደደ።

እየጠለቀ በሄደ ቁጥር ይሞቃል፤ ከታች እጅ አያስደርስም። ክብሪት የለም፣ ፍም የለም፤ ያለው የታፈነ እርጥብ ቡና ነው። ሲላስ ክንዱን እንደቀበረ ደርቆ ቀረ። «ምግብ የጉልበት ጎተራ ነው» እያለ ስንት ዘመን አስተምሯል! ፍሬው ወራቱን ሙሉ ከፀሐይ ቃርሞ በጣፋጭ ሥጋው ያኖረውን ጉልበት፣ አሁን እየተብላላ በሙቀት ይለቀው ነበር። ሕጉ አልተሳሳተም። ያስገባው ሰውም ነበር፤ እርጥቡን አፍሶ የከመረው እሱ ራሱ።

«አባፎጊ» አለ ሳይዞር፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፤ «አባፎጊ፣ ለካስ…»

ሽማግሌው ግን መቁጠሪያቸውን አንሥተው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ደህና ዋል እንኳ ሳይሉ ወጥተው ነበር።