ሀረጎን ያልወረደ ሰው የሠራው ጌም

አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ጌምም እጫወታለሁ። የመጨረሻውን ስናገር የሚስቁ መምህራን አሉ። ይሳቁ።

እኔ የምወደው ሁሉም የሚያውቀውን የኳስና የተኩስ ጌም አይደለም። አንድ ሰው ብቻውን ቤቱ ቁጭ ብሎ የሠራቸውን፣ ማንም የማያወራላቸውን ትንንሾቹን ነው። ኔትወርክ ደህና ሲሆን ፈልጌ ላፕቶፔ ላይ አወርዳቸዋለሁ። አብዛኞቹ አይረቡም። አልፎ አልፎ ግን አንዱ ልቤን ይይዘዋል።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ስኳር አንድ እግራቸውን ካሳጣቸው በኋላ ደሴ ካለው ቤታቸው መውጣት ተዉ። በየቅዳሜው ልጠይቃቸው ስሄድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አገኛቸዋለሁ። አጎቴ፣ ታናሽ ወንድማቸው፣ አጠገባቸው ተቀምጦ ስለ ሶብር፣ ስለ ትዕግሥት ያወራል።

አንድ ቅዳሜ አዲስ ያገኘሁትን ጌም ይዤ ሄድኩ። ጭነት መኪና እየነዱ ተራራ መውረድ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ላፕቶፑን ፊታቸው አስቀምጬ ቁልፎቹን አሳየኋቸው። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ገደል ገቡ። ደግመው ሞከሩ፤ ደግመው ገቡ። በሦስተኛው ተቆጡ። ድምፃቸው እንዲህ ከወጣ ወራት አልፎት ነበር።

«ይሄን የሠራው ሰው ቁልቁለት ወርዶ አያውቅም» አሉ። «የሀረጎን ቁልቁለት ጭነት ይዘሽ በፍሬን ብቻ ከወረድሽ ፍሬኑ ይግልና አይዝም። በወጣሽበት ማርሽ ነው የሚወረደው፤ ሞተሩ ራሱ ይይዝሻል። ንገሪው!»

አጎቴ ይህን ሰምቶ ሽማግሌ ሰው በልጆች ዕቃ መጫወቱ ነውር መሆኑን፣ ጠያቂ ቢመጣ ምን እንደሚል ተናገረና ዝጊው አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቃሉን ጥሼ አላውቅም። ያን ቀን እጄ አልታዘዘም። ለእሱ መልስ የሰጡት ግን አባቴ ናቸው።

«የተቆረጠው እግሬ ነው» አሉት ረጋ ብለው። «ሹፌርነቴን ማንም አልቆረጠውም። ወላሂ አትዘጋውም።»

ሠሪው በጌሙ ገጽ ላይ አድራሻውን አስቀምጦ ስለነበር አባቴ ያሉትን ሁሉ በእንግሊዝኛ ጻፍኩለት። መልስ ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። የሚኖረው ሜዳ አገር እንደሆነ፣ እንኳን ጭነት መኪና የቤት መኪናም ነድቶ እንደማያውቅ አልደበቀም። ሞተሩ መኪናውን ሲይዝ ድምፁ ምን እንደሚመስል ጠየቀ። አባቴ ትራሳቸውን ተደግፈው ተቀመጡና ያጽፉኝ ጀመር። ፊታቸው ወደ ግድግዳ መዞሩን ያቆመው ያኔ ነው። እኔ የማላውቀውን የመኪና ነገር በምን ቃል እንደምገልጸው ጠፍቶኝ ስሰርዝ ስጽፍ ዋልኩ።

ጌሙ ሲታደስ ማርሽ ተጨምሮበት መጣ። አባቴ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳይቸኩሉ፣ እስከ ታች ወረዱ። አላመሰገኑም። ሞተሩ በዚህ ማርሽ ከዚህ በላይ ማጓራት አለበት አሉና ለሰውየው እንድጽፍለት አዘዙኝ።

አጎቴ ዛሬም ነውር ነው ይላል። እሱ በር ላይ ሲደርስ ላፕቶፑን አንደብቅም። አባቴ ድምፁን ጨምሪው ይሉኛል፤ እጨምረዋለሁ።